ታላቅ ወንድሜ ሳይከተብ ቤቴ ይግባ?

ለዛሬ የመረጥኩት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የተላከ ደብዳቤ ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ የጸሐፊዋን ማንነት የሚጠቁመውንም አውጥቻለሁ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ያመጣኝም፣ ኮሌጅ ከፍሎ ያስተማረኝም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ይሠራ ነበር። የኮቪድ ክትባት አልወስድም በማለቱ ከሥራ ተሰናበተ፤ ዛሬ ኡበር ይነዳል። በ2020 መጨረሻ፣ ክትባቱ ሳይዳረስ፣ ታሞ ድኗል። እኔ የተባለውን ዙር ሁሉ ተከትቤ ሁለት ጊዜ ያዘኝ። በተገናኘን ቁጥር ‹ተከትበሽ ምን ተረፈሽ? እኔ ነፃነቴን አልሸጥኩም› ይለኛል። ባለቤቴ ኩላሊት ተተክሎለት መድኃኒት ላይ ነው። ልጃችን ዘንድሮ ኪንደርጋርተን ጀምሯል። አሁን እናታችን ለፈረንጆቹ ገና ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ የምታርፈው እኔ ጋ ነው። ወንድሜን የኮቪድና የፍሉ ክትባት ወስደህ ካርዱን ካላሳየኸኝ ቤቴ አትመጣም አልኩት። ‹እናቴን ለማየት የይለፍ ወረቀት አላሳይም› ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እናቴ በደወልኩ ቁጥር ታለቅሳለች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?»

እህቴ፣

ባለቤትሽን ለመጠበቅ ቆፍጠን ማለትሽ ትክክል ነው። ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይዋጋው በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት የመከላከል አቅሙን ያዳክመዋል። ለሌላው ሰው የሁለት ቀን ጉንፋን የሆነ ነገር እሱን ሆስፒታል ሊያስገባው፣ ኩላሊቱንም ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ በርሽ ላይ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥሽን ማንም ሊነቅፈው አይገባም። እኔ የማልስማማው የመረጥሽው ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው። የጠየቅሽው ካርድ ባለቤትሽን አይጠብቅልሽም፤ ወንድምሽን ግን አስቀይሞብሻል።

ይህን የምልሽ ክትባት ንቄ እንዳይመስልሽ። አዲስ አበባም እዚህ ሜሪላንድም በነርስነት የኖርኩ ሰው ነኝ። በመጋቢት 2020 የአረጋውያን መንከባከቢያዎች ለጠያቂ በራቸውን ሲዘጉ ውስጥ ከቀሩት አንዷ ነበርኩ። አንዲት ሴት ከመስኮቱ ውጭ፣ ብርድ ላይ፣ ስልኳን ይዛ ትቆማለች። እናቷ ከውስጥ ስልኩን ለመያዝ አቅም የላቸውም፤ እኔ በጓንት ይዤ ጆሯቸው ላይ አደርግላቸዋለሁ። ልጅቷ «እማ፣ እኔ ነኝ» ትላለች፤ እሳቸው መስታወቱን እያዩ ማን እንደሆነች ይጠይቁኛል። እዚህ አገር በእንዲህ ዓይነት ተቋማት ከነዋሪውና ከሠራተኛው በኮቪድ የሞተው ሰው ከ200 ሺህ በላይ ነው። በ2021 መጀመሪያ ክትባቱ አልጋ በአልጋ ሲሰጥ፣ ሳምንታት ሳይቆጠሩ አስከሬን የሚያወጣው መኪና መምጣቱ ሲቀንስ አይቻለሁ። ክትባቱ ምን እንደሠራ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ይሁንና የወንድምሽ ክርክር ጉልበት ያገኘው ከአንድ እውነት ነው። ያልተጠበቀ ተስፋ ተሰጥቶን ነበር። በመጋቢት 2021 ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሮሼል ዋለንስኪ የተከተበ ሰው ቫይረሱን አይሸከምም የሚል ነገር በቴሌቪዥን ተናገሩ። በሐምሌ ፕሬዚዳንት ባይደን በሲኤንኤን መድረክ ላይ ከተከተባችሁ ኮቪድ አይዛችሁም አሉ። በዚያው ሐምሌ ደግሞ በማሳቹሴትስ ጠረፍ ላይ ባለችው ፕሮቪንስታውን በምትባል የመዝናኛ ከተማ ወረርሽኝ ተነሳ፤ ከግዛቱ ነዋሪዎች ከተያዙት 469 ሰዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሙሉ በሙሉ የተከተቡ ሆነው ተገኙ። እንደ ወንድምሽ ያሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ የተዋሹ መሰላቸው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ከዚያው ዘገባ ሌላውን ቁጥር ያነሳው ጥቂት ሰው ነው፤ ከ469ኙ ሆስፒታል የተኙት አምስት ብቻ ነበሩ፣ አንድም ሰው አልሞተም። ይህ የሆነው ዴልታ በሚባለው ኃይለኛ ዝርያ ዘመን ነው።

«ተከትበሽ ምን ተረፈሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ስላለ ትንሽ ልቆይበት።

ስትከተቢ ሰውነትሽ ሁለት ነገር ያዘጋጃል። አንደኛው አንቲቦዲ የሚባለው ነው፤ በደምሽና በመጠኑም በአፍንጫሽ አካባቢ እየተዘዋወረ ቫይረሱ ሴል ውስጥ ሳይገባ ይይዘዋል። ሁለተኛው በሽታውን የሚያስታውሱ ሴሎች ናቸው። አንቲቦዲው በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው፤ ሴሎቹ ደግሞ ጡሩምባ ሲነፋ ከየቤቱ የሚወጣው ጦር። ዘበኛው በወራት ውስጥ ቁጥሩ እየሳሳ ይሄዳል። ጦሩ ለረጅም ጊዜ ይኖራል፤ ነገር ግን ተጠርቶ እስኪሰለፍ ቀናት ይፈልጋል። ኦሚክሮን ከተባለው ዝርያ ወዲህ ኮቪድ ከገባ ሦስት ቀን በማይሞላ ወይም በዚያ አካባቢ ጊዜ ውስጥ ያሳምማል። ዘበኛው ከሳሳ ጦሩ ሳይደርስ አፍንጫና ጉሮሮ ይያዛሉ፤ ሳንባው ሳይወረር ግን ጦሩ ይደርሳል። አንቺ ሁለት ጊዜ ታመሽ ሁለት ጊዜ ቤትሽ ተኝተሽ የዳንሽው አብዛኛውን በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ወንድምሽም በ2020 ታሞ ከዳነ ወዲህ ሰውነቱ እንዲሁ የሚያስታውስ ሴል አለው፤ ያለ ክትባት ደህና ሆኖ መቆየቱ ተአምር አይደለም። ልዩነታችሁ እሱ ያንን መከላከያ ያገኘው በመታመም መሆኑ ነው። ከእሱ ጋር በዚያው ወር ከታመሙት ስንቶቹ ሳይነሱ ቀሩ።

ኩፍኝና ፈንጣጣ የተለዩ ናቸው። ከገቡ በኋላ እስኪያሳምሙ አንድ ሳምንት ከዚያም በላይ ስለሚፈጅባቸው ጦሩ የሚሰለፍበት ጊዜ ያገኛል። ፈንጣጣ በዚህ ላይ በፊት ላይ የሚታይ፣ ከሰው በቀር በእንስሳ የማይደበቅ በሽታ ነበር። ለዚህ ነው አገራችን ውስጥ በእግርና በበቅሎ ጭምር እየዞሩ የከተቡት ሰዎች በ1976 የመጨረሻውን ታማሚ አይተው ሥራቸውን ሊጨርሱ የቻሉት። ወንድምሽ ኮቪድ ላይ ያየውን ይዞ «ክትባት ሁሉ ከንቱ ነው» እንዳይል ይህን ልዩነት አስረጂው። በተለይ የልጅሽን የኩፍኝ ክትባት በተመለከተ ማንም እንዳያታልልሽ፤ ኩፍኝን ለማቆም ከመቶ ሰው 95 ያህሉ መከተብ አለበት። በ2017 ሚኒሶታ ውስጥ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው የሐሰት ወሬ የሶማሌ ጎረቤቶቻችንን አስፈራርቶ ብዙ ልጆች ሳይከተቡ ቀርተው ነበር፤ 75 ሰው ታመመ፣ አብዛኞቹም የእነሱው ትንንሽ ልጆች ነበሩ።

ወደ ባለቤትሽ ልመለስ። ከዚህ ከእኛው አካባቢ፣ ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ሁለት ዙር የተከተቡ 658 የአካል ንቅለ ተከላ ታካሚዎችን ደም መርምሮ ነበር። 46 በመቶዎቹ ውስጥ ምንም አንቲቦዲ አልተገኘም። ለእነሱ ተጨማሪ ዙር የታዘዘውም ለዚህ ነው። አስቢው፤ ባለቤትሽ የተባለውን ሁሉ ታዞ፣ ክንዱን ሰጥቶ፣ ክትባቱ ግን በእሱ ላይ ሙሉ ሥራውን ላይሠራ ይችላል። የእሱ ደኅንነት በከፊል በሌላ ሰው እጅ ነው። «ሰውነቴ የራሴ ነው» የሚለው አባባል ለወንድምሽ ይሠራል፤ ባለቤትሽ ግን ሰውነቱ የራሱ ሆኖም ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም። ስለ ነፃነት ስንነጋገር ይህን ሰው ከፊታችን አስቀምጠን ካልሆነ ክርክሩ የጤነኞች ብቻ ይሆናል።

ስለ ነፃነት ከተነሳ፣ ወንድምሽን እንደ ግትር ብቻ አትይው። የሚፈራው ነገር ታሪክ አለው። በ1902 ማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ውስጥ ፈንጣጣ ሲገባ ሄኒንግ ጃኮብሰን የሚባል ስዊድን ተወላጅ ቄስ፣ በልጅነቴ ተከትቤ ክፉኛ ታምሜአለሁ ብሎ አልከተብም አለ። አምስት ዶላር ተቀጣ። ተከራክሮ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1905 ሰባት ለሁለት ተፈረደበት። ፍርዱ በአጭሩ ነፃነት ማለት ሌላው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሳይታይ እንደ ፈቀዱ መሆን አይደለም የሚል ነው። ልብ በይ፣ ማንም እጁን ይዞ አልከተበውም፤ ቅጣቱ ገንዘብ ነበር። እኔ በዚህ ፍርድ እስማማለሁ። ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት በ1927 ያንኑ ፍርድ ጠቅሶ፣ በአንቺው ግዛት በቨርጂኒያ፣ ኬሪ በክ የምትባል ወጣት ያለ ፈቃዷ እንዳትወልድ እንድትደረግ ፈቀደ። የግዴታ ክትባትን የሚደግፈው መርህ የሴትን የማሕፀን ቱቦ ለመቁረጥም ይበቃል ተብሎ ተጻፈ። አንድ ጊዜ የተከፈተ በር በሌላ ሰው እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የራሳችን ሰዎችም ቁስል አለባቸው። በ1996 መጀመሪያ እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲደፋ መኖሩ ሲጋለጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ጮኹ። ደምህ አይፈለግም ግን አይነገርህም የተባለ ሰው፣ በኋላ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው «እመነኝ» ሲለው ሁለት ጊዜ ቢያስብ ምን ይደንቃል? እምነት በትእዛዝ አይመለስም። በጤና ሥራ ውስጥ የቆየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አንዲት እናት ልጇን ይዛ በፈቃዷ የምትመጣው ያለፈው ጊዜ በአክብሮት የተቀበላት ሰው ስላለ ነው።

እንግዲህ ወንድምሽ በ2022 ተበደለ ወይ? በልቤ ያለውን እነግርሻለሁ። ጥር 13 ቀን 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን ሁለት ውሳኔ ሰጠ። መቶና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁሉ ሠራተኞቹን ያስከትብ ወይም በየሳምንቱ ያስመርምር የሚለውን አገደ። በሜዲኬርና በሜዲኬይድ፣ ማለትም በመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ የሚሠሩ የጤና ተቋማት ሠራተኞቻቸውን ያስከትቡ የሚለውን ግን፣ አምስት ለአራት፣ አጸደቀ። እኔ ይህ መለያየት ልክ ነው እላለሁ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ሰውና የማይንቀሳቀስ አዛውንት አፍ ላይ ማንኪያ የሚያቀርብ ሰው አንድ ዓይነት ኃላፊነት የለባቸውም። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ማን እንደሚያገላብጠው አይመርጥም። ወንድምሽ ክትባቱን አለመፈለግ መብቱ ነበር፤ እዚያ አልጋ አጠገብ እየቆመ አለመፈለግ ግን በዚያ ጊዜ ሌላ ነገር ነበር።

በአንድ ነገር ግን ተበድሏል፤ ይህንን አንቺ ብትነግሪው ደስ ይለኛል። ሕጉ ታሞ መዳንን ከቁጥር አላስገባም። በአውሮፓ የኮቪድ ምስክር ወረቀት ታሞ ለዳነ ሰው ለስድስት ወር ይሠራ ነበር፤ እስራኤልም አረንጓዴ ማለፊያ የምትለውን ለዳኑት ትሰጥ ነበር። እዚህ ያለው ደንብ ግን እንደ ወንድምሽ ዓይነቱን ሰው፣ ክትባት ባልነበረበት ጊዜ አልጋ ሲያነጥፍና አስከሬን ሲገንዝ ከርሞ እዚያው የታመመውን፣ ምንም መከላከያ እንደሌለው ቆጠረው። መጀመሪያ ጀግና ተብሎ በጭብጨባ የተሸኘ፣ በኋላ መታወቂያውን አስረክብ የተባለ ሰው ነው። በ2023 መንግሥት ራሱ ደንቡን አነሳው፤ የተባረሩትን ግን ማን አስታወሳቸው? ወንድምሽ «ነፃነቴ» ሲል ከስሩ ይህ ቅሬታ ያለ ይመስለኛል። አንቺ ደግሞ ካርድ አሳየኝ ስትይው ያንኑ መሥሪያ ቤት ሆንሽበት። ያውም እሱ ራሱ ያስተማራት እህቱ ሆነሽ።

አሁን ስለ ካርዱ። ከስምንት ወር በፊት ተከትቦ ዛሬ ጉሮሮውን የከረከረው ሰው፣ ካልተከተበ ግን ካልታመመ ሰው ይልቅ ለባለቤትሽ አደገኛ ነው። ካርዱ ሰውየው ዛሬ ቫይረስ ይዟል አልያዘም አይልሽም። ክትባቱ ከተወሰደ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት የመያዝንና የማስተላለፍን ዕድል በመጠኑ ይቀንሳል፤ ለዚህ ሲባል ቤተሰቡ ሁሉ ቢከተብ እወዳለሁ፣ ፍሉውን በተለይ። ግን ብቸኛ ጋሻ አድርገሽ ልትደገፊበት አትችይም።

ደግሞ እይ፣ ካርድ የተጠየቀው ማን ነው? እናትሽ ከቦሌ ተነስተው ስንት ሰዓት ሙሉ መቶ የማያውቁት ሰው መሃል ተቀምጠው ደለስ አየር ማረፊያ ያርፋሉ፤ እዚያው ከባለቤትሽ ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ምን ጠየቅሻቸው? ልጅሽ ከኪንደርጋርተን አፍንጫው እየፈሰሰ መጥቶ አባቱ ጭን ላይ ይወጣል። እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏቸው የሚመጡት ዘመዶችና የማኅበር ሰዎችስ? በደብዳቤሽ ውስጥ ስለነሱ አንድ ቃል የለም። ሁሉንም ትተሽ አንዱን ብቻ በር ላይ ካቆምሽ፣ ነገሩ ከኩላሊቱ ይልቅ ከ2021ዱ ክርክር ጋር ሳይገናኝ አይቀርም። በልብሽ «ተሸንፌያለሁ በል» እያልሽው እንዳይሆን ራስሽን መርምሪ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ቂምና ጥንቃቄም አብረው አይሄዱም፤ ቂሙ ጥንቃቄውን ያጋልጠዋል።

ስለዚህ የምመክርሽ ካርዱን ትተሽ ለሁሉም እኩል የሚሠራ የቤት ደንብ እንድታወጪ ነው። ያመመው፣ ያሳለው፣ ጉሮሮውን የከረከረው ሰው አይመጣም፤ አለርጂ ነው ቢልም አይመጣም። የሚመጣ ሁሉ በዚያው ቀን፣ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ይመረመራል። ኮቪድንና ፍሉን አንድ ላይ የሚያሳይ የቤት መመርመሪያ ፋርማሲ ውስጥ ይሸጣል፤ ገዝተሽ ለወንድምሽ ቀድመሽ ላኪለት። ይህ ምርመራ ሊስት ስለሚችል፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ እንግዳ ከ48 ሰዓት በኋላ ይድገመው። እናትሽ እንደደረሱ ተመርምረው፣ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ባለቤትሽ ባለበት ክፍል ጭምብል ያድርጉ፤ አውሮፕላን ውስጥም ቢያደርጉ ጥሩ ነው። በደንብ አስረድተሽ ከነገርሻቸው ቅር አይላቸውም። መስኮት ገርበብ ይበል፤ አቅም ካለሽ አየር የሚያጣራ መሣሪያ ሳሎን ውስጥ አድርጊ። ቡና የሚፈላበት ጊዜ ሁሉም ተጠጋግቶ የሚቀመጥበትና ለረጅም ጊዜ የሚያወራበት ስለሆነ፣ ባለቤትሽ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ። ይህን የምለው ቡናውን ተዉት ላለማለት ነው።

ለባለቤትሽ ደግሞ እናትሽ ከመምጣታቸው በፊት የንቅለ ተከላ ክሊኒኩ ጋ ይደውል። ዘንድሮ የትኛው ክትባት፣ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት እንደሚገባው ይጠይቅ። ከክትባት ምላሽ ለማያገኙ ሰዎች የተዘጋጀ የአንቲቦዲ መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ሁኔታ አለ፤ ይገባው እንደሆነ ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ ይህን አጥብቀሽ ያዢ፦ ኮቪድ ቢይዘው፣ ማንም ሐኪም በጥድፊያ ፓክስሎቪድ የሚባለውን የኮቪድ መድኃኒት ቢያዝለት፣ የንቅለ ተከላ ክሊኒኩን ሳያናግር እንዳይውጥ። ያ መድኃኒት ታክሮሊመስ ከሚባለው የኩላሊት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የታክሮሊመሱን መጠን በደም ውስጥ እጅግ ከፍ ያደርገዋል፤ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ሌላ ምርጫ ይኖራቸዋል፤ እነሱ ይወስኑ።

ወንድምሽ ጋ ስትደውይ ስለ ክትባት ክርክር አትክፈቺ፤ የምታሳምኚበት ቀን ይህ አይደለም። ዩቲዩብም፣ ጥናትም አትላኪለት። መጀመሪያ ሥራውን ስላጣበት ጊዜ፣ ታሞ መዳኑ ሳይቆጠርለት በመቅረቱ ማዘንሽን ንገሪው፤ ምናልባት ከቤተሰቡ ማንም ይህን ብሎት አያውቅም። ከዚያ፦ «ካርዱን ትቼዋለሁ። ግን ባለቤቴ ክትባቱ በደንብ የማይሠራለት ሰው ነው። እማን ጨምሮ ሁላችንም እንመረመራለን፤ አንተም ከመምጣትህ በፊት ተመርመር፣ ካመመህ ደውልልኝና ሌላ ቀን ትመጣለህ» በይው። በአረጋውያን ቤት የሠራ ሰው ደካማን መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ከአንቺም ከእኔም ይበልጥ ያውቃል። የሚመረመረው እሱ ብቻ አለመሆኑን ሲያይ ነገሩ እንደሚቀልለት ተስፋ አደርጋለሁ።

መመርመሩንም እምቢ ቢልስ? ያኔ ነፃነቱን አክብረሽ በርሽን ዝጊ፤ በዚህ ላይ ጥፋተኝነት እንዳይሰማሽ። አፍንጫን በጥጥ መነካካት ሰውነትን የሚደፍር፣ የማይመለስ ነገር የሚያደርግ አይደለም፤ ለታመመ አማቹ ይህን ያህል የማይሆን ሰው የሚጠይቀው ከነፃነት ያለፈ ነገር ነው። እናትሽን ግን አታስከፍያቸው። እሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱ ይውሰዳቸው፣ ይደሩ፣ ይብሉ፣ ይሳቁ። ሲመለሱ ይመርመሩ፤ ለጥቂት ቀናት ጭምብል አድርገው ይቆዩ፣ ከሁለት ቀን በኋላም ይድገሙት። ይህንን ዕቅድ ለእናትሽ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው፤ የሚያለቅሱት ልጆቻቸው እንዳይገናኙ የፈረድሽ መስሏቸው ነው። ለወንድምሽም ከእሳቸው ከመስማቱ በፊት አንቺው ንገሪው።